ገመዱ ስንት ይሸከማል?

አንድ ድንጋይ በአንድ ገመድ ቢንጠለጠል፣ ገመዱ የሚሸከመው ያንኑ የድንጋዩን ክብደት ነው። ጎን ለጎን ቀጥ ብለው በወረዱ ሁለት ገመዶች ቢንጠለጠል እኩል ይካፈሉታል። እስከዚህ ያለውን ማንም ሰው ሳይማር ያውቀዋል። ሁለቱን ገመዶች ከላይ አራርቀን ያሰርናቸው እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድንጋዩ አልከበደም፣ ገመዶቹም አልቀነሱም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ገመድ ከግማሹ በላይ ይሸከማል። ይበልጥ ባራራቅናቸው ቁጥር ጭንቀታቸው ይበረታል፤ ወደ አግድም ሲቃረቡ እያንዳንዳቸው የድንጋዩን ሙሉ ክብደት ብዙ እጥፍ ተሸክመው ይበጠሳሉ። መርከበኛውና ግንበኛው ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር። በቁጥር መናገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመፈንቅልን ሕግ ያቆመው አርኪሜዲስ ከሞተ በኋላ እንኳ ወደ 1,800 ዓመት ግድም ፈጅቷል። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፤ ከፒራሚድ እስከ ካቴድራል ያቆሙ እጆች በየቀኑ የሚጨብጡትን ነገር፣ አእምሮ ለመጨበጥ ይህን ያህል ዘመን ወሰደበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሲራኩዝ ሲኖር የመፈንቅልን ሕግ በጥብቅ ማስረጃ አቆመ። ከመደገፊያው ሁለት ክንድ ርቆ የተቀመጠ አንድ ኪሎ፣ በሌላው ወገን አንድ ክንድ ርቆ የተቀመጠ ሁለት ኪሎን ይመዝናል። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ አልተነካም። ነገር ግን በአርኪሜዲስ ሚዛን ላይ ያሉት ክብደቶች ሁሉ የሚጎትቱት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ታች ነው። ገመድ ግን ወደ ራሱ አቅጣጫ ይጎትታል። አንዱ ወደ ግራ ሽቅብ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሽቅብ፣ ድንጋዩ ደግሞ ወደ ታች ሲስቡ የሦስቱን ድምር እንዴት እናስላ? መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ያለውን ነገር መደመር ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። በአርስቶትል ስም የሚታወቀው የመካኒክ ጥያቄዎች መጽሐፍ ጫፉን ነክቶታል፤ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ነገር በጎነ ትይዩ ሰያፍ መስመር እንደሚጓዝ ይናገራል። ያ ግን ስለ እንቅስቃሴ ነው። ሳይንቀሳቀስ ስለሚጨነቅ ገመድ እንዲህ ያሰበ አልነበረም።

የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው መቶ ዓመት ግድም ስለ መዘውር፣ ስለ መፈንቅልና ስለ ሽብልቅ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የግሪክኛው ቅጂ በአብዛኛው ጠፍቶ ለእኛ የደረሰው ቁስጣ ኢብን ሉቃ በ9ኛው መቶ ዓመት ወደ ዓረብኛ በመለሰው ነው። ሄሮን በተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ እንዳይንሸራተት ስንት ኃይል እንደሚያስፈልገው ለማስላት ሞክሮ ሳተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጳጱስም በሌላ መንገድ ሞክሮ ሳተ። የተዳፋቱ ጥያቄና የሁለቱ ገመዶች ጥያቄ በውስጣቸው አንድ መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት ዮርዳኖስ በሚባል፣ ስለ ሕይወቱ ይህ ነው የሚባል ነገር በማይታወቅ የላቲን ጸሐፊ ስም በተሰራጩ ጽሑፎች ውስጥ ግን የተዳፋቱ ትክክለኛ መልስ ተገኘ። አንድ ክብደት እንደ አቀማመጡ ሊቀልል ወይም ሊከብድ ይችላል የሚለው ሐሳብ የዚህ ትምህርት ቤት ነው። ሆኖም መልሱ ከጥቂት መነኮሳትና መምህራን ክፍል ርቆ አልሄደም።

ከዚያ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ መጣ። ማስታወሻ ደብተሮቹን የገለጠ ሰው ገመድ፣ መዘውርና የተንጠለጠለ ክብደት ገጽ በገጽ ያገኛል። ሁለት ገመድ ከላይ ተራርቀው ታስረው፣ መሃል ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ፣ አጠገቡ ቁጥር ተጽፎ ይታያል። በአንዳንዶቹ ገጾች ላይ ያለው ቁጥር ስህተት ነው። ሰውየው ግን አልተወውም፤ ሰርዞ እንደገና ይሥላል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትክክለኛው ዘዴ በእጁ ገባ። የአንዱን ገመድ ውጥረት ለማወቅ የሌላውን ገመድ ማሰሪያ እንደ መደገፊያ ቁጠረው። ከዚያ መደገፊያ ወደ ክብደቱ መስመር ያለውን ርቀትና ወደ ገመዱ መስመር ያለውን ርቀት ለካ፤ ሁለቱ ርቀቶች የመፈንቅል ሁለት ክንዶች ናቸው። በሥዕሉ ላይ አንድም እንጨት የለም። ሊዮናርዶ ግን የማይታይ መፈንቅል በአየር ላይ አየ፤ የአርኪሜዲስንም ሕግ በዚያ ላይ አሠራው። ዛሬ በምህንድስና ትምህርት ቤት ተማሪ ከአንድ ነጥብ ዙሪያ የመዞር ኃይሎችን ሲያመዛዝን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሊዮናርዶ አላሳተመውም። በ1519 ሲሞት ወረቀቶቹ ተበታትነው፣ ዘዴውም አብሯቸው ተቀበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደብተሮቹ እየታተሙ ሲወጡ የፈረንሳዩ የፊዚክስ ሊቅና የታሪክ ተመራማሪ ፒየር ዱሄም አንብቧቸው ስለ ስታቲክስ (ስለሚመዛዘኑ ኃይሎች ትምህርት) አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጣቸው። ችግሩ ግን ከዚያ በፊት በሌሎች እጅ ተፈትቶ ነበር።

ከነዚህ ሌሎች አንደኛው ሲሞን ስቴቪን ነው። በ1548 በብሩዥ የተወለደ፣ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆኖ የጀመረ፣ ኋላም የኔዘርላንዱ ልዑል ማውሪትስ መሐንዲስና አማካሪ የሆነ ሰው ነው። በ1586 ስለ ሚዛን ጥበብ የጻፈው መጽሐፍ በላይደን ታተመ። የጻፈው በላቲን ሳይሆን በአፍ መፍቻው በደች ቋንቋ ነው። የእጅ ባለሙያው፣ ቦይ ቆፋሪውና ወፍጮ ሠሪው እንዲያነቡት ፈለገ፤ ቃል ሲያጥረው ቃል እየፈጠረ ጻፈ። ሳይንስን በሕዝቡ ቋንቋ ለማስተማር የሚደክም ሁሉ ይህን ሰው አባቴ ሊለው ይገባል።

በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አንድ ሥዕል አለ። ሁለት ጎኖቹ ተዳፋት የሆኑ ጎነ ሦስት ቆሟል፤ አንደኛው ተዳፋት የሌላው እጥፍ ርዝመት አለው። በላዩ ላይ 14 እኩል ክብደት ያላቸው ኳሶች እንደ መቁጠሪያ በክር ተያይዘው ተጠምጥመዋል። አራቱ በረጅሙ ተዳፋት ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ በአጭሩ ላይ፣ የቀሩት ስምንቱ ከታች ተንጠልጥለዋል። ስቴቪን ጠየቀ፦ ይህ ሰንሰለት ይንቀሳቀሳል? ተንቀሳቀሰ እንበል። አንድ ኳስ ሲያልፍ በቦታው ሌላ ይተካል፤ ሥዕሉም ያው የቀድሞው ሥዕል ይሆናል። እንግዲያውስ መንቀሳቀሱን የሚያቆምበት ምክንያት የለውም፤ ለዘላለም ይዞራል። ይህ ደግሞ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ቆሟል። ከታች ያሉት ስምንት ኳሶች በግራና በቀኝ እኩል ስለሚጎትቱ ቆርጠን ብንጥላቸው ምንም አይለወጥም። የቀሩት አራትና ሁለት ኳሶች ይመዛዘናሉ። እነሆ፣ በረጅም ተዳፋት ላይ ያለ ክብደት ከተዳፋቱ ርዝመት አንጻር ይቀልላል።

በዚህ ማስረጃ ውስጥ አንድም ስሌት የለም። ሄሮንና ጳጱስ በቁጥርና በመስመር ታግለው ያልደረሱበትን፣ ስቴቪን ዘላለማዊ መሽከርከር እንደሌለ በማመን ብቻ ደረሰበት። ከሰው ልጅ አስተሳሰብ ውበት ምሳሌ ምረጥ ብባል ይህን ሥዕል ከመጀመሪያዎቹ እጠራለሁ።

ግን ተዳፋቱ ከገመዱ ጋር ምን አገናኘው? ስቴቪን ቀጥሎ ያደረገው ይህንን ማገናኘት ነው። ርዝመቱ የከፍታው እጥፍ በሆነ፣ ማለትም ከአግድም በ30 ዲግሪ በተነሣ ለስላሳ ተዳፋት ላይ 100 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በገመድ ታስሯል እንበል። ገመዱ ተዳፋቱን ተከትሎ ሽቅብ ይስባል፤ የሚሸከመውም 50 ነው። ተዳፋቱ ራሱ ምን ያደርጋል? ከገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ዕቃውን ይገፋል። አሁን ተዳፋቱን አንሥተን በምትኩ ወደዚያው አቅጣጫ የሚስብ ሁለተኛ ገመድ ብናስር ዕቃው ከቦታው አይነቃነቅም። ተዳፋቱ ጠፍቶ በቦታው ሁለት ገመዶች ቀሩ! የሁለተኛው ገመድ ውጥረት 86.6 ይሆናል። ስቴቪን ከ1605 እስከ 1608 በታተሙት የሒሳብ ሥራዎቹ ውስጥ ስለ ገመድ ክብደት ራሱን የቻለ ክፍል ጨምሮ ይህን አስፋፋ። በዚያም ክብደቱን በመስመር ሥሎ፣ ከገመዶቹ ጋር ትይዩ የሆኑ መስመሮችን በማውጣት የእያንዳንዱን ድርሻ ከሥዕሉ ላይ ለካ።

50 እና 86.6 ቢደመሩ 136.6 ይመጣሉ፤ ዕቃው ግን 100 ብቻ ነው። ትርፉ 36.6 ከየት መጣ? ገመዶቹ ወደ ላይ ብቻ አይደለም የሚስቡት፤ እርስ በርሳቸውም ወደ ጎን ይጓተታሉ። ያ ጉተታ ዕቃውን አያነሣም፤ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ገመዱን ግን ያደክማል። ጋደል ያለው ገመድ 50፣ ቀና ያለው 86.6 መሸከሙም ልብ ሊባል ይገባል፤ ከሁለት ገመዶች ቀና ያለው ሁልጊዜ የበለጠውን ይወስዳል።

ስቴቪን የጀመረውን ለማንኛውም ማዕዘን በተሟላ ማስረጃ ያቆመው በፓሪስ የሒሳብ መምህር የነበረው ዢል ፔርሶን ደ ሮበርቫል ነው። በ1636 ያወጣው አጭር የመካኒክ ድርሳን በሁለት ገመድ የተያዘን ክብደት ከመፈንቅልና ከተዳፋት ሕግ እያወጣ ይፈታዋል። ድርሳኑ የታተመው መነኩሴው ማረን ሜርሴን ስለ ሙዚቃና ስለ ድምፅ በጻፈው ግዙፍ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ነገሩ ያለ ቦታው የገባ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሜርሴን በዚያው መጽሐፍ ስለ ተወጠረ ክር ሌላ ሕግ አስፍሯል፤ የክሩ ንዝረት ፍጥነት ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ያድጋል። ውጥረቱን አራት እጥፍ ብናደርገው ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይቀጥናል። በገና ደርዳሪ ጅማቱን ሲያጠብቅ የሚያደርገውን ሜርሴን በቁጥር ጻፈው። በአንድ መጽሐፍ ጥራዝ ውስጥ ሁለት የገመድ ሕጎች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እንደገና የሚገናኙት ግን ከ300 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1638፣ በቤቱ እስረኛ የነበረውና ዓይኑ የጠፋው ጋሊሌዮ የመጨረሻውን ታላቅ መጽሐፉን በላይደን አሳተመ። መጽሐፉ በቀናት የተከፋፈለ ውይይት ነው፤ በአራተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ስለ ገመድ ያነሣል፤ ምንም ያህል ብንጎትት አግድም የተዘረጋ ገመድ ፍጹም ቀጥ ሊል አይችልም፤ የገዛ ራሱ ክብደት መሃሉን ዝቅ ያደርገዋል። ምክንያቱ ከሁለቱ ገመዶች ሒሳብ ይወጣል። የገመዶቹ ማዕዘን ከአግድም 30 ዲግሪ ሲሆን 100 ኪሎ ለመሸከም እያንዳንዱ በ100 ይወጠራል። 10 ዲግሪ ሲሆን 288 ይደርሳል። በ5 ዲግሪ 574፣ በ1 ዲግሪ 2,865። ማዕዘኑ ዜሮ እንዲሆን ከፈለግን ውጥረቱ ወሰን የለሽ መሆን አለበት። የልብስ ማስጫ ገመድ አንድ እርጥብ ጋቢ ሲሰጣበት መሃሉ የሚረግበው አሳሪው ሰንፎ አይደለም፤ ተፈጥሮ ሌላ ምርጫ ስላልሰጠችው ነው። ይህ እውነት በኋላ አንድ የሚያስደስት ታሪክ አፍርቷል። የካምብሪጁ ሊቅ ዊልያም ሄዌል በ1819 ባሳተመው የመካኒክ መማሪያ ውስጥ ይህንኑ ሐሳብ ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሩ ሳያውቀው ቤት የሚመታ ግጥም ሆነ። የሥራ ባልደረባው አዳም ሴጅዊክ በግብዣ ላይ በግጥም ምቱ ሲያነበንበው ደራሲው የራሱ መሆኑን አላወቀም። በሚቀጥለው እትም አወጣው።

የ1687 ዓመት ለዚህ ታሪክ ትልቅ ዓመት ነው። በለንደን የኒውተን ፕሪንሲፒያ ወጣ፤ ሁለት ኃይሎች በጎነ ትይዩ ሰያፍ መስመር እንደሚደመሩ ከእንቅስቃሴ ሕጎቹ ቀጥሎ ወዲያው አሰፈረ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ፒየር ቫሪኞን የሚባል፣ በካን ከተማ የተወለደ ካህን፣ የአዲስ መካኒክ ንድፍ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ኒውተን ፕላኔቶችን ሲያይ ቫሪኞን ገመዶችን አየ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁሉ የገመዱን ጥያቄ ወደ መፈንቅል ወይም ወደ ተዳፋት መልሰው ይፈቱት ነበር፤ ቫሪኞን ግን ዞር አደረገው። መነሻው የኃይሎች መደመር ይሁን፤ መፈንቅሉም፣ መዘውሩም፣ ተዳፋቱም ከእርሱ ይውጡ አለ። ዋናው ሥራው የታተመው በ1725፣ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ መጽሐፍ በአንድ ገመድ ላይ ብዙ ክብደቶች በየቦታው ሲንጠለጠሉ ገመዱ የሚይዘውን ባለብዙ ጎን ቅርጽና የየክፍሉን ውጥረት ከአንድ የኃይል ሥዕል ማንበብ ይቻላል።

ዘዴው ማንም በማስመሪያና በእርሳስ ሊሞክረው የሚችል ነው። ክብደቱን ለመወከል 10 ሴንቲ ሜትር መስመር ወደ ታች አስምር። ከላይኛው ጫፍ ከአንደኛው ገመድ ጋር ትይዩ መስመር አውጣ፣ ከታችኛው ጫፍ ከሌላው ገመድ ጋር ትይዩ። ሁለቱ ሲገናኙ ጎነ ሦስት ይዘጋል። የሁለቱን ጎኖች ርዝመት ለካ፤ 10 ሴንቲ ሜትሩ 100 ኪሎ ከሆነ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነው ጎን 50 ኪሎ ነው። ዛሬ ተማሪው በሳይንና በኮሳይን ሁለት እኩልዮሽ ጽፎ ይፈታዋል፤ የአግድም ክፍሎቹ ይጣፉ፣ የሽቅብ ክፍሎቹ ድምር ከክብደቱ ጋር ይተካከል። ውጤቱ አንድ ነው። እኔ ግን ጎነ ሦስቱን ሳይስል በቀጥታ ወደ እኩልዮሹ የሚገባ ተማሪ ያሳዝነኛል። በሥዕሉ ላይ ገመዶቹ ሲጋደሙ ጎነ ሦስቱ እየተለጠጠ ሲሄድ በዓይኑ ያያል፤ በእኩልዮሹ ላይ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ክብደት ያንጠለጠለ ገመድ ከተፈታ፣ የራሱን ክብደት ብቻ የተሸከመ ሰንሰለትስ? ጋሊሌዮ ቅርጹ ለፓራቦላ የቀረበ ነው ብሎ ነበር። በ1646 የ17 ዓመቱ ክርስቲያን ሆይገንስ ፓራቦላ ሊሆን እንደማይችል ለሜርሴን በደብዳቤ አስረዳ፤ እውነተኛውን ቅርጽ ለማግኘት ግን የካልኩለስ መወለድ አስፈለገ። በ1690 ያኮብ ቤርኑሊ ጥያቄውን በአደባባይ ወረወረ። በ1691 ሦስት መልሶች አብረው ታተሙ፦ የወንድሙ የዮሐን፣ የላይብኒዝና አሁን ሽማግሌ የሆነው የሆይገንስ። ቅርጹ ካቴናሪ ተባለ። የመልሱ ልብ የዚያው የሁለት ገመዶች ሒሳብ ነው። ሰንሰለቱን በየትኛውም ቦታ ብንቆርጠው የውጥረቱ አግድም ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ አይለወጥም፤ የሽቅብ ክፍሉ ግን ከመሃሉ እስከዚያ ድረስ ያለውን ክብደት ያህል ነው። ስለዚህ ሰንሰለት በብዛት የሚጨነቀው መሃሉ ላይ ሳይሆን ከማሰሪያው ዘንድ ነው።

ሮበርት ሁክ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። በ1675 ፊደላቱን ቀላቅሎ በምስጢር ያሳተመው ሐሳብ፣ ተንጠልጥሎ የቆመ ሰንሰለት ቢገለበጥ የጸና ቅስት ይሆናል የሚል ነው፤ ውጥረት የነበረው ግፊት ይሆናል። በ1740ዎቹ የሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ሲሰነጠቅ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክት 14ኛ የጠሩት ጆቫኒ ፖሌኒ ይህን ሐሳብ ተጠቀመ። ከጉልላቱ አንድ ቁራጭ በ32 ክፍሎች ከፋፍሎ፣ ለየክፍሉ ተመጣጣኝ ክብደት በክር ላይ አንጠለጠለ። የክሩ ቅርጽ ተገልብጦ ሲታይ በድንጋዩ ውፍረት ውስጥ አለፈ። ጉልላቱ አይወድቅም አለ፤ ተጨማሪ የብረት ቀለበቶች ታስረውበት እስከ ዛሬ አለ።

ሒሳቡ ሰው ወደሚሻገርበት ነገር የወረደው በ1801 ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዳኛ ጄምስ ፊንሊ በጄኮብስ ክሪክ ላይ በብረት ሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ወለሉ ግን ደልዳላ የሆነ ድልድይ ሠራ። ርዝመቱ 21 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ፊንሊ የተማረ መሐንዲስ አልነበረም። ክር በመዘውር ላይ አልፎ በጫፉ ክብደት ታስሮ፣ መሃሉ ላይ ሌሎች ክብደቶች እየተንጠለጠሉ፣ ውጥረቱን በሙከራ ለካ። የሰንሰለቱ መሃል ከጠቅላላው ርዝመት ስድስተኛውን ወይም ሰባተኛውን ያህል ዝቅ ይበል ብሎ መከረ። ምክሩን በሒሳብ ብንመረምረው ጥሩ ልክ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ዝቅታው ሰባተኛው ሲሆንና ጭነቱ ወለሉ ላይ እኩል ሲዘረጋ፣ ከማሰሪያው ዘንድ ያለው ከፍተኛ ውጥረት ከጠቅላላው ጭነት ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ክር፣ መዘውርና ጠጠር ይዞ ሰው የዚህን ያህል ሊጠጋ ይችላል።

ቶማስ ቴልፎርድ በዌልስ በሜናይ ወሽመጥ ላይ 176 ሜትር የሚዘረጋ ድልድይ ሲነድፍ፣ ሰንሰለቱን ይበልጥ ጋደል ሊያደርገው አስቦ ነበር። የሒሳብ ሰው የነበረው ዴቪስ ጊልበርት ውጥረቱን አስልቶ አሳሳቢ መሆኑን አሳየ፤ ምሰሶዎቹ ከፍ ተደርገው የሰንሰለቱ ዝቅታ እንዲጨምር ተደረገ። ሚያዝያ 26 ቀን 1825 ከ16ቱ ሰንሰለቶች የመጀመሪያው ሲነሣ፣ ወደ 150 የሚሆኑ ሠራተኞች በዋሽንት ዜማ እየተመሩ መጠቅለያውን አዞሩ። የተነሣው ከ23 ቶን በላይ ነበር። ድልድዩ በጥር 1826 ተከፈተ።

በዚያው ዓመት በፓሪስ ሌላ ታሪክ ሆነ። ክሎድ ሉዊ ናቪዬ ስለ ተንጠልጣይ ድልድዮች በ1823 የጻፈው ጥናት በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። የራሱ የአንቫሊድ ድልድይ ግን ሊያልቅ ሲል መሬት ውስጥ ሰንሰለቱን የያዘው ግንብ ሸሸ፤ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ አፈሩን አርሶት ነበር። ድልድዩ ፈርሶ ተነሣ። የሰንሰለቱ ስሌት አልተሳሳተም። ገመዱ የተሸከመውን ግን መጨረሻ ላይ መሬት ይሸከመዋል፤ መሬቱን የሚያሰላ ሳይንስ ደግሞ ገና ልጅ ነበር። ናቪዬ በዚያው በ1826 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፍ ሌላ ጉዳይ ፈታ። አንድ ክብደት በአንድ ጠለል ላይ ባሉ ሦስት ገመዶች ቢንጠለጠልስ? ያልታወቁት ሦስት፣ እኩልዮሾቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቫሪኞን ጎነ ሦስት ወሰን የለሽ መልሶች ይሰጣል። ናቪዬ መልሱ ያለው ገመዶቹ ምን ያህል እንደሚለጠጡ በማወቅ ላይ ነው አለ። ሦስቱም አንድ ቋጠሮ ላይ ስለሚገናኙ ልጥጣቸው እርስ በርሱ መስማማት አለበት፤ ሦስተኛው እኩልዮሽ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ የተሠራ የብዙ ገመድ ድልድይ ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ ቆሟል።

በ1850 በአንዤ ከተማ ወታደሮች ሲሻገሩ ተንጠልጣይ ድልድይ ተበጥሶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሽቦዎቹ በማሰሪያው ግንብ ውስጥ፣ ዓይን በማያይበት ቦታ ዝገው ነበር። ፈረንሳይ ከዚያ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል እንዲህ ያለ ድልድይ ከመሥራት ታቀበች።

በእኛ አገር ይህ ታሪክ በአባይ ላይ ይገኛል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በ17ኛው መቶ ዓመት በኖራና በድንጋይ ከተሠሩት የአባይ ድልድዮች አንዱ በጣልያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ተሰብሮ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። የጎጃምና የበጌምድር ሰው ግን ገበያም፣ ዘመድም፣ ጠበልም ነበረውና መሻገሩን አልተወም። በሁለቱም ወገን ወንዶች ገመድ ይዘው ይቆሙ ነበር፤ ተሻጋሪው በገመዱ ታስሮ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተት ነበር። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መሃል ላይ ሲደርስ ገመዱ ከአግድም 10 ዲግሪ ብቻ ቢረግብ፣ በእያንዳንዱ ወገን ያሉት የሚይዙት ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ቀጥ ለማድረግ መድከም ራስን መጉዳት መሆኑን እነዚያ ሰዎች ከጋሊሌዮ አልተማሩም፤ መዳፋቸው አስተማራቸው።

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጥቶ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ በ2001 አየው፤ በዚያው ዓመት ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። በ2002 የተሰበረው ቅስት በብረት ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ወንዙ ከማይደርስበት ከፍታ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ወለላቸው በገመዱ ላይ በቀጥታ በሚዘረጋባቸው የእግረኛ ድልድዮች ሰው ቁልቁለትና ዳገት እንዳይሆንበት ዝቅታው ትንሽ መሆን አለበት፤ ከርዝመቱ ሃያኛው ያህል ቢሆን ገመዶቹ የጠቅላላውን ጭነት ሁለት እጥፍ ተኩል ይሸከማሉ። በሁለቱም ዳርቻ የሚገነቡት ግዙፍ ማሰሪያዎች ለዚህ ነው። ሲገነባ ደግሞ ሠራተኛው ውጥረቱን ሊያየው ስለማይችል የሚለካው ዝቅታውን ነው፤ መሃሉ በታሰበው ከፍታ ላይ ከዋለ ውጥረቱ ልክ ነው ማለት ነው።

በ2024 በባሕር ዳር የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ ከምሰሶዎቹ በሚወርዱ ሰያፍ ገመዶች ይታገዛል። በእንዲህ ያለ ድልድይ ላይ ገመዶቹ ብዙ ስለሆኑ የናቪዬ የልጥጥ እኩልዮሾች በኮምፒውተር ይፈታሉ፤ እያንዳንዱ ገመድም በተሰላለት ልክ ይወጠራል። ዓመታት ሲያልፉ ያ ውጥረት እንዳለ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ገመዱን ፈትቶ መመዘን አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሶች በገመዱ ላይ ንዝረት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ያስራሉ። ነፋሱና የመኪናው ጉዞ ገመዱን ያናውጡታል፤ መሣሪያው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ይቆጥራል። ርዝመቱና ክብደቱ ስለሚታወቅ ከዚያ ቁጥር ውጥረቱ በሜርሴን ሕግ ይወጣል። የአንዱ ገመድ ንዝረት ካለፈው ልኬት ዘግይቶ ከተገኘ ውጥረቱ ላልቷል ማለት ነው፤ እርሱ የተወውን ጭነት የወሰዱት ጎረቤቶቹ ናቸውና ቀጥለው የሚለኩት እነርሱ ናቸው።